የዓይን አሻራ በባንክ፦ ከካዝና በር እስከ ደንበኛ መስኮት እንዴት ሥራ ላይ እንደሚውል

በአብዛኞቹ የባንክ ቅርንጫፎች ካዝና የሚከፈተው በሁለት ሰዎች ነው። አንዱ ቁልፍ ይይዛል፤ ሌላው ሁለተኛውን ቁልፍ ወይም የምስጢር ቁጥሩን ይይዛል፤ ሁለቱ በአንድነት ካልቆሙ በሩ አይከፈትም ተብሎ ይታመናል። ይሁን እንጂ ቁልፍ ማን እንደያዘው አያውቅም፤ የምስጢር ቁጥርም ማን እንዳስገባው አይጠይቅም። ከሁለቱ ኃላፊዎች አንዱ ለቅሶ ሲሄድ ቁልፉን «ለዛሬ ብቻ» ብሎ ለባልደረባው ከሰጠው፣ የሁለት ሰው ቁጥጥር የነበረው የአንድ ሰው ሥልጣን ሆኖ ያድራል፤ በመዝገቡ ላይ ግን የሁለት ሰው ፊርማ ሠፍሮ ይገኛል። የባንኩ ሒሳብ ሁሉ በሚሠራበት የኮምፒውተር ሥርዓት፣ በኮር ባንኪንግ ሲስተሙም ላይ የሚሆነው ከዚህ የተለየ አይደለም። ወረፋው በበዛበት ሰዓት ተቆጣጣሪው የይለፍ ቃሉን ለገንዘብ ከፋዩ ነግሮት ወደ ስብሰባ ከገባ፣ ሒሳቡን ያዘጋጀውም ያጸደቀውም አንድ ሰው ነው ማለት ነው።

የዓይን አሻራ ለባንክ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ በውሰት አይሰጥምና። ስለዚህ ይህን ቴክኖሎጂ ለማስገባት ለሚያስቡ የደኅንነት፣ የውስጥ ቁጥጥር እና የቴክኖሎጂ ኃላፊዎች የመጀመሪያው ምክሬ ከደንበኛው ሳይሆን ከሠራተኛው፣ ከመስኮቱ ሳይሆን ከካዝናው እንዲጀምሩ ነው። ብዙ ባንኮች ለማስታወቂያ እንዲያመች በተቃራኒው መጀመር ይቀናቸዋል፤ ነገር ግን ጥቂት ሰዎች በሚያልፉበትና ትልቅ ገንዘብ በሚጠበቅበት በር ላይ ያልተፈተነ አሠራር፣ በቀን በሺህ የሚቆጠር ሰው በሚመጣበት መስኮት ላይ ሊሳካ አይችልም።

የሚለካው ምንድን ነው

በዓይናችን መካከል ያለው ጥቁር ክብ ብሌን ነው፤ ብሌንን ዙሪያውን ከብቦ ብርሃን ሲበዛ የሚያጠበው፣ ሲያንስ የሚያሰፋው ባለቀለም ቀለበት ደግሞ አይሪስ ይባላል። በሕዝቡ አነጋገር «የዓይን አሻራ» የሚባለው የዚህ ቀለበት ቅርጽ ነው። ከዓይን ጀርባ ካለው ሬቲና ጋር መምታታት የለበትም፤ የዕቃ አቅራቢ ወኪል ሁለቱን እያቀያየረ ሲናገር ከተሰማ ስለሚሸጠው ነገር በቂ ዕውቀት እንደሌለው አንድ ምልክት ነው። አይሪስ በጽንስ ሦስተኛ ወር ገደማ መፈጠር ይጀምራል፤ በስምንተኛው ወር መልኩን ይይዛል። በውስጡ ያሉት ጭረቶች፣ ጉድጓዶችና ቀለበቶች በዘር ብቻ የሚወሰኑ ስላልሆኑ የአንድ ዕንቁላል መንትዮች የተለያየ አይሪስ አላቸው፤ የአንድ ሰው ቀኝ ዓይንም ከግራው ይለያል።

በአይሪስ ሰውን መለየት ይቻላል የሚለውን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ በፓተንት ያስመዘገቡት ሊዮናርድ ፍሎም እና አራን ሳፊር የተባሉ የዓይን ሐኪሞች ነበሩ። ሐሳቡን ወደሚሠራ ስሌት የቀየረውና እ.ኤ.አ. በ1994 የራሱን ፓተንት ያገኘው በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ጆን ዶግማን ነው። በእርሱ ዘዴ ካሜራው ያነሳው የአይሪስ ምስል 2,048 ዜሮዎችና አንዶች ወዳሉበት የዓይን ኮድ ይቀየራል። ሁለት ኮዶች ሲነጻጸሩ የሚቆጠረው ስንቱ እንደተለያየ ነው፤ የሁለት የተለያዩ ሰዎች ዓይን ከሆነ ግማሽ ያህሉ ይለያያል፤ የአንድ ዓይን ሁለት ምስሎች ከሆኑ ግን ልዩነቱ ከዚያ በእጅጉ ያንሳል።

እንደ እኛ ላለ ጥቁር ዓይን ላለው ሕዝብ አንድ ነጥብ ጎልቶ መነገር አለበት። በአይሪስ ውስጥ ያለው፣ ጥቁር ቀለሙን የሚሰጠው ሜላኒን በዓይን የሚታየውን ብርሃን ስለሚውጥ፣ በተራ የስልክ ካሜራ የተነሳ ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ አይሪስ አንድ ወጥ ጨለማ መስሎ ይታያል፤ ሊነጻጸር የሚችል ዝርዝር አይገኝበትም። ለሰው ዓይን እምብዛም በማይታየው፣ ከ700 እስከ 900 ናኖሜትር ባለው ኢንፍራሬድ ብርሃን ሲበራ ግን የዚያው ዓይን ሥሪት ፍንትው ብሎ ይወጣል። በመሆኑም በጨረታ ሰነዱ ላይ ኢንፍራሬድ አብሪ ያለው ካሜራ በግልጽ መጠየቅ አለበት፤ «በማንኛውም ካሜራ ይሠራል» የሚል አቅራቢ ሲመጣ በራሳችሁ ሠራተኞች ዓይን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። አብሪው በየቀኑ በሰው ዓይን ላይ የሚበራ ነውና ለብርሃን ደኅንነት የወጣውን አይኢሲ 62471 የተባለውን ደረጃ ማሟላቱን የሚያሳይ የምርመራ ውጤትም ከሰነዱ ጋር ይቅረብ።

ወሰኑን ማን ይወስናል

የዓይን ኮዶች ልዩነት ምን ያህል ሲሆን «ያው ሰው ነው» እንደሚባል የሚወስነው ቁጥር ወሰን ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ አቅራቢው ባስቀመጠው ቁጥር ላይ ማንም ሳይነካው ይቀራል። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። በዶግማን ስሌት ወሰኑ 0.33 ላይ ሲሆን፣ ማለትም ከኮዱ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ቢለያይም ሲቀበል፣ ሌላን ሰው በስህተት የመቀበል ዕድሉ በአንድ ንጽጽር ከ4 ሚሊዮን አንድ ገደማ ነው። ወሰኑ ወደ 0.30 ሲወርድ ይኸው ዕድል ከ1.5 ቢሊዮን አንድ ያህል ይሆናል። የሦስት መቶኛ ለውጥ ይህን ያህል ታራርቃለች፤ ዋጋዋም ትክክለኛው ሰው አንዳንድ ጊዜ «እንደገና ይሞክሩ» መባሉ ነው። የሌሎች አምራቾች መለኪያ ከዚህ ሊለይ ስለሚችል፣ ቁጥሩን እንዳለ ከመቅዳት ይልቅ ያ ቁጥር በእነርሱ ዕቃ ላይ ምን ያህል ስህተት እንደሚያመጣ በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል።

ንጽጽሩ ስንት ጊዜ እንደሚደረግም ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንድ ሰው መጀመሪያ ካርዱን ወይም የሠራተኛ ቁጥሩን አቅርቦ ዓይኑ ከዚያ ቁጥር ባለቤት ጋር ብቻ ከተመሳከረ፣ ንጽጽሩ አንድ ብቻ ነው። ምንም ሳያቀርብ ዓይኑ በመዝገቡ ካሉት ሁሉ ጋር የሚፈለግ ከሆነ ግን የስህተቱ ዕድል በመዝገቡ ብዛት ይባዛል። ሃያ ሠራተኞች ባሉት ቅርንጫፍ አርባ ዓይን ነው፤ በ0.33 ወሰን እንኳ የስህተቱ ዕድል በአንድ ፍለጋ ከመቶ ሺህ አንድ ገደማ ይሆናል። አሥር ሚሊዮን ዓይን ባለበት የደንበኞች መዝገብ ላይ በዚያው ወሰን ቢፈለግ ግን እያንዳንዱ ፍለጋ በአማካይ ከሁለት በላይ የተሳሳተ ሰው ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ለባንክ ሥራ አንድ ለአንድ ማመሳከር ደንቡ ይሁን፤ ለካዝና በር ደግሞ ካርድ፣ ቁጥር እና ዓይን በአንድነት ይጠየቁ። የዓይን አሻራው ሁለተኛውን ሰው ወይም የምስጢር ቁጥሩን ለማስቀረት ከገባ ጥበቃው ተቀነሰ እንጂ አልተጨመረም።

በሩን መሥራት

ካሜራው ከበሩ ውጭ፣ ማለትም ጥበቃ በሌለው ወገን ይሰቀላል። ቁልፉን የሚያስከፍተው ማዘዣ ግን በካሜራው ሣጥን ውስጥ መሆን የለበትም። በርካሽ የሚሸጡ አንዳንድ መሣሪያዎች ሁለቱን በአንድ ሣጥን ስለሚይዙ፣ ሣጥኑን ከግድግዳው ነቅሎ ሁለት ሽቦ ያገናኘ ሰው ማንም ዓይኑን ሳያሳይ በሩን ሊከፍት ይችላል። ማዘዣው በውስጠኛው ወገን በተቆለፈ ሣጥን ይቀመጥ፤ በሁለቱ መካከል ያለው መልእክትም ዊጋንድ በሚባለው አሮጌ አሠራር ግልጽ ሆኖ ከሚያልፍ ይልቅ ኦኤስዲፒ በተባለው የተመሰጠረ መስመር ይለፍ።

የካሜራው ቦታ ከሚታሰበው በላይ ይወስናል። የፀሐይ ብርሃን ኢንፍራሬድ ስላለበት በመስተዋት መስኮት ትይዩ የተሰቀለ ካሜራ ጠዋት ይሠራና ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ይከለክላል፤ ጥፋቱም በሠራተኛው ይላከካል። ሃሎጂን አምፖልም ተመሳሳይ ችግር ያመጣል። ቁመቱ ለአጭርም ለረጅምም ሰው እንዲሆን የሚንቀሳቀስ ማቀፊያ ቢኖረው መልካም ነው፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሠራተኛ ካለ ደግሞ ይህ ግዴታ ነው።

መብራት ይጠፋል፤ ይህ ለአገራችን አንባቢ ማስረጃ የሚያሻው ነገር አይደለም። የካዝናው ክፍል በር ኃይል ሲቋረጥ ተቆልፎ የሚቀር፣ ከውስጥ ግን በእጅ ተገፍቶ የሚከፈት መሆን አለበት፤ ውስጥ ያለ ሰው በእሳት ጊዜ ካሜራው ዓይኑን እስኪያነብለት የሚጠብቅበት በር መሠራት የለበትም። ካሜራውና ማዘዣው የራሳቸው ባትሪ ይኑራቸው፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር ያለው መስመር ሲቋረጥም የዚያ ቅርንጫፍ ሠራተኞች ኮድ ተመስጥሮ በማዘዣው ውስጥ ስለሚገኝ ሥራው «ሲስተም የለም» ተብሎ አይቆምም።

አንድ ነገር ደግሞ የዓይን አሻራ ፈጽሞ አይፈታውም። በመሣሪያ የተገደደ ሥራ አስኪያጅ ዓይኑን ለካሜራው ከማሳየት ሌላ ምርጫ የለውም። ስለዚህ ካዝናው ከታዘዘ በኋላ ዘግይቶ የሚከፈትበት የሰዓት ቁልፍ እንደነበረው ይቀጥል፤ የምስጢር ቁጥሩም ለተገደደ ሰው የሚሆን ሁለተኛ ቁጥር ይኑረው፤ ያ ቁጥር ሲገባ በሩ እንደወትሮው እየታዘዘ ድምፅ የሌለው ጥሪ ለጥበቃ ይደርሳል። ዓይን «ፈቅጄ ነው» ወይም «ተገድጄ ነው» ብሎ መናገር አይችልም፤ ቁጥር ግን ይችላል።

ፎቶግራፍ ዓይን አይደለም

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 የጀርመኑ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ማኅበር ኬኦስ ኮምፒውተር ክለብ የሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ 8 ስልክን የአይሪስ መቆለፊያ እንዴት እንደሚታለል በይፋ አሳየ። የባለቤቱን ዓይን በምሽት ማንሻ ካሜራ ከርቀት አነሱ፤ በሌዘር ፕሪንተር አተሙት፤ የዓይን ጠርዝ ጎበጥ ብሎ እንዲታይ በወረቀቱ ላይ ተራ የዓይን ሌንስ አስቀመጡበት፤ ስልኩም ተከፈተ። የተጠቀሙት ዕቃ ሁሉ ከገበያ የሚገዛ ነበር።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ዓይናችን ምስጢር አለመሆኑ ነው። ፊታችን ላይ ይዘነው እንዞራለን፤ ሰው ሁሉ ያየዋል። ስለዚህ የባንክ ካሜራ የሚጠበቅበት ትክክለኛውን ቅርጽ ማየት ብቻ ሳይሆን ቅርጹ ሕያው ከሆነ ዓይን መምጣቱን ማረጋገጥ ነው፦ ብርሃን ሲቀየር ብሌን መጥበብ መስፋቷን፣ ከዓይን እርጥብ ገጽ የሚመለሰውን ነጸብራቅ፣ የታተመ ወረቀት የሚያሳየውን የነጠብጣብ ዱካ። ለዚህ ዓይነት ማታለል መከላከያ የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ አይሶ 30107 ይባላል፤ አቅራቢው በዚህ ደረጃ መሠረት በገለልተኛ ላቦራቶሪ የተደረገ ፈተና ውጤት ያቅርብ። ከዚያም በኋላ የራሳችሁ የኦዲት ቡድን በታተመ ምስል፣ በስልክ ስክሪን እና ባለሥዕል የዓይን ሌንስ አድርጎ ይሞክር። ሙከራው ሲገባ አንድ ጊዜ፣ የካሜራው ሶፍትዌር በታደሰ ቁጥርም እንደገና ይደረግ።

ምዝገባ

የአሠራሩ ጥንካሬ ከምዝገባው ቀን አይበልጥም። በሐሰተኛ መታወቂያ የቀረበ ሰው ዓይኑን ካስመዘገበ፣ መሣሪያው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሰቱን በታማኝነት ይመሰክርለታል። ስለዚህ ሠራተኛ ሲመዘገብ ከሰው ኃይል ክፍል የመጣ ማኅደሩ ከፊቱ ይኑር፤ ከደኅንነትና ከሰው ኃይል አንዳንድ ሰው ተገኝተው ይፈርሙ፤ መዝጋቢው ራሱን መመዝገብ አይፈቀድለት። ሁለቱም ዓይኖች ይመዝገቡ፤ አንዱ ቢታመም ወይም በፋሻ ቢሸፈን ሌላው ይሠራል። መነጽር ይውለቅ፤ ባለቀለም የዓይን ሌንስ ያደረገ ሰው አውልቆ ይምጣ፤ ቅንድብ እስኪገለጥ ማፍጠጥ ሳይሆን ሽፋሽፍቱ አይሪሱን እንዳይሸፍን ረጋ ብሎ ማየት እንደሚበቃ ይነገረው። ለእያንዳንዱ ዓይን ሦስት ምስል ተነስቶ እርስ በርስ ሲመሳከሩ የማይገጣጠሙ ከሆነ፣ ወሰኑን ከማላላት ይልቅ ምስሉ እንደገና ይነሳ።

መመዝገብ የማይችሉ ሰዎች አሉ፤ ይህን እንደ ጥፋታቸው መቁጠር ነውር ነው። ኢትዮጵያ በዓለም ከፍተኛው የትራኮማ ሸክም ያለባት አገር ናት፤ በትራኮማ ጠባሳ የዓይኑ መስተዋት ነጭ የሆነበት ሰው አይሪሱ በግልጽ አይታይም። የዓይን ሞራ በአንጻሩ ከአይሪስ በስተኋላ ባለው ሌንስ ላይ ስለሚገኝ ራሱ ብዙም አያውክም፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ግን የአይሪሱ መልክ ሊለወጥ ስለሚችል እንደገና መመዝገብ ይሻላል። በሐኪም ጠብታ ብሌኑ የሰፋ ሰውም ለዚያ ቀን ላይነበብ ይችላል። ለእነዚህ ሁሉ የሚሆን ሌላ መንገድ ከመጀመሪያው ቀን ተጽፎ ይቀመጥ፤ መንገዱም እንደ ዓይኑ ሁሉ ጥብቅ ይሁን፤ ለምሳሌ የጣት አሻራ ከሁለተኛ ኃላፊ ማረጋገጫ ጋር። ሌባ ሁልጊዜ በተከፈተው የጎን በር ይገባልና፣ አማራጩ ላላ ካለ ሁሉም «ዓይኔ አልነበብ አለ» የሚል ይሆናል።

ኮዱን ማስቀመጥ

የይለፍ ቃል ሲሰረቅ ይቀየራል፤ ዓይን አይቀየርም። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአሜሪካ የፌዴራል ሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤት መዝገብ የ5.6 ሚሊዮን ሰዎች የጣት አሻራ ተሰርቆ ነበር፤ እነዚያ ሰዎች ሌላ ጣት አልተሰጣቸውም። «የምናስቀምጠው ምስል ሳይሆን ኮድ ነው፤ ወደ ዓይን አይመለስም» የሚለውም የአቅራቢዎች መልስ በቂ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የማድሪድ ተመራማሪዎች ከኮዱ ተነስተው ማወዳደሪያውን የሚያታልል የአይሪስ ምስል መሥራት እንደሚቻል አሳይተዋል።

ስለዚህ ኮዱ ከሰውየው ስም እና የሒሳብ መረጃ ተለይቶ፣ ተመስጥሮ፣ የማመስጠሪያ ቁልፉም በሌላ መሣሪያ ተጠብቆ ይቀመጥ። የተነሳው ጥሬ ምስል ኮዱ እንደወጣ ይጥፋ። የሚቻል ከሆነ ደግሞ ኮዱ በሠራተኛው ካርድ ቺፕ ላይ ብቻ እንዲኖር ማድረግ ከሁሉ ይሻላል፤ ያኔ የሚሰረቅ ማዕከላዊ መዝገብ የለም። ከሕግ አንጻር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የባዮሜትሪክ መረጃን፣ ማለትም እንደ ዓይንና ጣት አሻራ ያለውን ከሰውነት የሚወሰድ መለያ፣ ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹት መካከል ይመድበዋል፤ ባንኩ ለምን እንደሚሰበስበው፣ ማን እንደሚያየውና መቼ እንደሚያጠፋው ከምዝገባው በፊት በጽሑፍ አስቀምጦ ለሚመዘገበው ሰው በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት ይኖርበታል።

ወደ ደንበኛው መስኮት ሲመጣ

በዓይን ገንዘብ ማውጣት አዲስ ሐሳብ አይደለም። በእንግሊዝ ኔሽንዋይድ እ.ኤ.አ. በ1998 በስዊንደን ከተማ፣ በአሜሪካ ደግሞ ባንክ ዩናይትድ በ1999 በሂዩስተን አይሪስ የሚያነቡ ኤቲኤሞችን ሞክረዋል። የኤቲኤም ካርድና የምስጢር ቁጥር ግን አልጠፉም። በእውነት ሥር የሰደደው ካርድ መስጠት ባስቸገረበት ቦታ ነው፤ በዮርዳኖስ ካይሮ አማን ባንክ የሶርያ ስደተኞች የእርዳታ ገንዘባቸውን ያለ ካርድ፣ ዓይናቸውን ለኤቲኤሙ አሳይተው እንዲያወጡ አድርጓል። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ ካርድና ቁጥር በደህና በሚሠሩበት ቦታ ዓይን ትርፍ ነገር ሲሆን፣ መታወቂያ በጠፋበትና ፊርማ በማይታመንበት ቦታ ግን መፍትሔ ይሆናል።

በእኛ አገርም ማሰብ የሚገባው በዚህ መንገድ ነው። እጁ በእርሻ ወይም በድንጋይ ሥራ ሻክሮ የጣት አሻራው የማይነበብ፣ ፊርማውም በየጊዜው የሚለዋወጥ ደንበኛ አለ፤ ኒቃብ የምትለብስና ፊቷን በሰው ፊት መግለጥ የማትፈልግ ደንበኛ አለች። ለሁለቱም ዓይን ይበቃል። በሐሰተኛ ውክልና ከሚወጣ ትልቅ ገንዘብ ለመጠበቅም የወካዩ ወይም የተወካዩ ማንነት በዓይን ቢመሳከር ፊርማን በእይታ ብቻ ገምቶ ከመቀበል በእጅጉ ይሻላል።

ለዚህ ሲባል ግን ባንኩ የራሱን የሚሊዮኖች ዓይን መዝገብ ማቋቋም የለበትም ብዬ አምናለሁ። ፋይዳ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገ የዲጂታል መታወቂያ ሲሆን፣ ሰው ሲመዘገብ የአሥር ጣት አሻራው፣ የሁለቱ ዓይኖቹ አይሪስ እና የፊቱ ምስል ይወሰዳል። ባንኩ ከፋይዳ ፕሮግራም ጋር ያለው ስምምነት በሚፈቅደው ልክ፣ ደንበኛው የፋይዳ ቁጥሩን ሰጥቶ ባንኩ «ይህ ዓይን የዚህ ቁጥር ባለቤት ነው ወይ?» ብሎ ቢጠይቅና መልሱን ብቻ ቢይዝ፣ የሚጠብቀው መዝገብ የለም፤ የሚሰረቅበትም የለም።

የመስኮቱ ሠራተኛ አነጋገርም ሥልጠና ይሻል። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአገሯ ያስወጣቻቸው ሰዎች ተመልሰው እንዳይገቡ በድንበር ዓይን ስትመረምር ኖራለች፤ ከባሕረ ሰላጤው የተመለሰች እኅት «የዓይን አሻራ» ሲባል መጀመሪያ የሚመጣባት ባንክ ላይሆን ይችላል። ካሜራው ምን እንደሚያነሳ፣ የት እንደሚሄድና ካልፈለገች በምን ሌላ መንገድ ልትስተናገድ እንደምትችል ሳይነገራት «እሜቴ፣ እዚህ ይመልከቱ» መባሏ ተገቢ አይደለም።

ሥራው ከተጀመረ በኋላ

ከሦስት ወር ላላነሰ ጊዜ በአንድ ቅርንጫፍ፣ ነባሩ አሠራር ሳይነሳ ጎን ለጎን ይሞከር። በየሳምንቱ ስንት ሰው በስህተት እንደተከለከለ፣ በየትኛው ሰዓትና በየትኛው ካሜራ እንደሆነ ይመዝገብ፤ ቁጥሩ በአንድ ሰው ላይ ከበዛ ያ ሰው እንደገና ይመዝገብ፤ በአንድ ካሜራ ላይ ከበዛ ብርሃኑ ይታይ። በአማራጩ መንገድ የገቡ ሰዎች ዝርዝር በየወሩ ከቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ውጭ ለሆነ ተቆጣጣሪ ይድረስ።

ከሥራ የሚለቅ ሰው መሰናበቻ ቅጽ ላይ ቁልፍ፣ ማኅተም እና ደንብ ልብስ የሚመለሱበት ሣጥን አለ። በዚያው ቅጽ ላይ የዓይን ኮዱ ከየማዘዣው፣ ከሰርቨሩ እና ከመጠባበቂያ ቅጂው መጥፋቱን የቴክኖሎጂ ክፍሉ ቀንና ሰዓት ጽፎ የሚፈርምበት አንድ መስመር ይጨመር፤ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ለሚዛወር ሰውም የቀድሞው በር በዚያው ዕለት ይዘጋ።